ሹም ሲታማ

ስምንተኛው ትእዛዝ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሲብራራ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ በጎረቤት ላይ የሚወራ ሐሜት፣ በገበያ የሚነገር ውሸት፣ በዳኛ ፊት የሚሰጥ የሐሰት ምስክርነት ነው። ስለ አገር ሹም የሚነገረው ግን ከትእዛዙ ውጭ የሆነ ያህል ዝም ተብሎ ይታለፋል። ሹም መታማቱ የሹመቱ ግብር ነው የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰድዷል። በሌላ በኩል ደግሞ ሹም በተጠረጠረ ቁጥር የአገር ክብር ተነካ እያለ ጥያቄውን ለማፈን የሚነሣ አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ስሕተቶች አጣምረን ልንመለከት እንወዳለን። ለዚህም ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አላስፈለገንም፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሚደርስበት አንኮበር የነገሩን መነሻ ይዞልናል።

አንኮበር እንጦጦና አዲስ አበባ ከመቆርቆራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የአዳልን በረሃ አቋርጦ የሚመጣ የአውሮፓ መልእክተኛ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ ዳገት ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋውለዋል። እኛን ካቶሊካውያንን ይበልጥ የሚነካን ታሪክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ፣ ሕዝቡ አባ ማስያስ ይላቸው የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ምኒልክ በመጡ ጊዜ ንጉሡ የተቀበሏቸው በደብረ ብርሃን አጠገብ በነበረችው በልቼ ነው። አሥር ዓመት ከዚያም በላይ በሸዋ ተቀመጡ፤ ንጉሡም ስለ አውሮፓ መንግሥታት ጠባይ ምክር ይጠይቋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ግን በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ገብቶ ነበርና ምኒልክ ከአንኮበር ብዙ ሳይርቅ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪም እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያው ሞቶ ተቀበረ።

ሌት ማረፊያ ዕፀዋትንና አዕዋፍን ለማጥናት የተሰጠ ቦታ ነበረ። ውሎ አድሮ ግን የፖለቲካ መልእክተኛም አረፈበት። ይህም ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ነው። የፒዮስ ዘጠነኛ የመንግሥት ጸሐፊ የነበሩት የካርዲናል አንቶኔሊ ዘመድ መሆኑን የምንጠቅሰው ነገሩን ለማድመቅ ብለን አይደለም፤ የዚያን ዘመን የአውሮፓ ፖለቲካ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፈጽሞ የተለየ አድርገን ብናቀርበው እውነቱን መሸፈን ስለሚሆንብን ነው። አንቶኔሊ በሸዋ ለዓመታት ኖሯል፤ የቤተ መንግሥቱን ሥርዐት ያውቃል፤ የጦር መሣሪያም አምጥቶ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 ከምኒልክ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል የተፈራረመውም በአንኮበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ዛሬ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የምንለው ሹመት በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስሙ ባይኖርም ሥራው ነበረ። ከሠሩትም መካከል ቀዳሚው በአንኮበር አጠገብ በደረፎ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1852 የተወለዱት መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለሆኑ ለምኒልክ የቅርብ ዘመድ ነበሩ። በጥር 1887 ሐረር ስትያዝ አገረ ገዥነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ፤ ሐረርም ወደ ባሕር የሚወስደው በር ስለሆነች ከአውሮፓውያን ጋር የሚደረገው መላላክ ሁሉ በእጃቸው ያልፍ ጀመር።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል ምን እንዳስከተለ እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል። አሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ “ይቻላቸዋል” አለ። በኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚልና እንደ ግዴታ ሊተረጐም የሚችል ቃል ገባበት። አንድ አገር ነፃነቱን ሊያጣ የነበረው በአንድ ግሥ ነው። ከመጽሐፍ ወደ አፍ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲያስተረጉሙ የሚውሉ ካቴኪስቶቻችን “ይችላል” እና “ይገባዋል” የተለዋወጡበት ትምህርት ምን ያህል ነፍስን እንደሚያሳስት ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

የመኮንን ፈተና የመጣው ቀጥሎ ነው። በዚያን ጊዜ ገና ደጃዝማች ነበሩ። የውሉን መጽናት ለመፈጸም ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ አስተርጓሚያቸው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ናቸው፤ አንቶኔሊም አብሮ ሄደ። ኦክቶበር 1 ቀን 1889 በናፖሊ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በአንድ በኩል መኮንን፣ በሌላው በኩል የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ፈረሙ። አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ሆነ። ወሰኑ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በዚያን ጊዜ በያዙት መሬት ላይ ተመሥርቶ እንዲስተካከል ተባለ። እንግዲህ በዚያው ክረምት የኢጣልያ ጦር አሥመራን ይዞ ወደ ፊት እየገፋ ነበርና “የተያዘው” የሚለው ቃል በእያንዳንዱ ሳምንት ትርጉሙ ይሰፋ ነበር። ከፊርማው ጥቂት ቀናት በኋላ፣ መኮንን ገና በኢጣልያ እንግዳ ሳሉ፣ ክሪስፒ አሥራ ሰባተኛውን ክፍል ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። በዓመቱ መጨረሻ ዐፄ ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶርያ የመጣላቸው መልስ በኢጣልያ በኩል መላክ እንደሚገባ የሚገልጽ ሆነ።

ይህ በቤተ መንግሥት ሲሰማ ምን እንደተባለ መገመት አያስቸግርም። እቴጌ ጣይቱ ከኢጣልያ ጋር የተደረገውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥቶ በጥርጣሬ ያዩት ነበር፤ የእርሳቸውን አሳብ የሚደግፉ መኳንንትም ነበሩ። መኮንን ደግሞ ኢጣልያን ያዩ፣ በኢጣልያን የተመሰገኑ፣ ወዳጃችን ነው ተብሎ በጋዜጣቸው የተጻፈላቸው ሰው ናቸው። ወሰኑን ያስነካው፣ ጉምሩኩን ያስያዘው የእርሳቸው ፊርማ ነው። በእቴጌይቱና በእርሳቸው መካከል የነበረውን መቀዛቀዝ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እቴጌይቱ ተሳስተዋልን? በነገሩ አልተሳሳቱም። የኢጣልያ መንግሥት አሳብ እርሳቸው የጠረጠሩት ነበር፤ ከዚያም የከፋ ነበር። ነገር ግን የነገሩ መጥፎነት የሰውየውን ክፋት አያረጋግጥም። በሰዎች መካከል የሚነሣ ክስ ሁሉ የሚበላሸው በዚህች መገጣጠሚያ ላይ ነው። ውሉ ጎጂ ነው ማለትና የፈረመው ከሃዲ ነው ማለት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው፤ ለመጀመሪያው ማስረጃው ወረቀቱ ነው፤ ለሁለተኛው ማስረጃው የሰው ልብ ስለሆነ ከእጃችን ውጭ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ስለ ፍርድ ሲያስተምር ይህን ልዩነት በግልጥ አስቀምጦታል። ስለ ነገሮች መፍረድ አንድ ነው፤ ስለ ሰዎች መፍረድ ሌላ ነው። ማስረጃው አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ሰውየውን ወደ በጎው ጎን ልንተረጉመው ይገባል፤ ክፉውን ደግ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ መሳሳት ደጉን ክፉ ነው ብሎ ጥቂት ጊዜ ከመሳሳት ይሻላል ይላል። ብዙዎች የሚጠቅሱለት እስከዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን በዚያው ክፍል የተናገረውን ሌላውን ነገር መተው አይገባም፤ ጉዳት እንዳይደርስ መድኃኒት በምናዘጋጅበት ጊዜ የከፋውን አስቦ መዘጋጀት ይጠቅማል፤ ለከፋው የበቃ ለቀላሉም ይበቃልና። ስለዚህ ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ለሁለት ሰው ማካፈል ገንዘብ ያዡን መስደብ አይደለም። ቁልፉን ሳያካፍሉ ገንዘብ ያዡን ማማት ግን ኃጢአትም ነው፣ ሞኝነትም ነው።

ዐፄ ምኒልክ ያደረጉት ወደዚህ ትምህርት የቀረበ ይመስለናል። በነገሩ ላይ ጸኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የሁለቱን ጽሑፎች አለመስማማት አመለከቱ። መኮንንን ግን አልጣሏቸውም፤ በዚያው ዓመት የራስነት ማዕርግ ሰጧቸው፤ ሐረርንም አልነሷቸውም። መኮንንም በበኩላቸው ጥፋቱን በአስተርጓሚው ላይ ጥለው ስማቸውን ለማንጻት ተነሡ የሚል ካነበብናቸው መጻሕፍት ውስጥ አላገኘንም። የታማ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ከእርሱ በታች ያለ ሌላ ጥፋተኛ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ አስተርጓሚው ካነሣን አይቀር የካቲት 1891 የሆነውንም እናስታውስ። አንቶኔሊ ነገሩን ሊያስማማ ተመልሶ መጥቶ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ፈረመ። አሥራ ሰባተኛው ክፍል እንዳለ ጸንቷል ብሎ አምኖ ነበር። ወረቀቱ ሲነበብ ግን ተሰርዟል የሚል ሆኖ ተገኘ። በቁጣ ፊርማውን ቀድዶ ወጣ። ይህን ታሪክ በአገራችን የሚተርክ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ ብድሩን አገኘ ይባላል። እኛም ሰዎች ነንና ፈገግታው ይገባናል። ሆኖም ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው መጽሐፍ በበጎ ምክንያት የሚነገረውን ውሸት እንኳ ነፃ አላወጣውም። በሐሰት ቃል የተበደለ ሰው እውነተኛውን ቃል በግልጥ የማስከበር መብት አለው፤ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1893 ውሉን እንደማይቀበሉ ለኃያላን መንግሥታት ሲያስታውቁ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአገር ክብር የቆመው በዚህ በግልጡ ቃል ላይ ነው እንጂ በቀልደኛው ታሪክ ላይ አይደለም እንላለን፤ በዚህ የማይስማሙ ወንድሞች እንዳሉ ብናውቅም።

እስቲ አሁን በናፖሊው ጠረጴዛ ማዶ ወደ ተቀመጠው ሰው እንሻገር። ክሪስፒ አንቶኔሊ ወረቀቱን ከመቅደዱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ በጥር 1891 መጨረሻ፣ ከሥልጣኑ ወርዶ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኢጣልያ ታላቅ የገንዘብ ቅሌት ተገለጠ። ባንካ ሮማና የተባለው ባንክ ሕግ ከፈቀደለት በላይ የወረቀት ገንዘብ አትሞ፣ አንዱን የመለያ ቁጥር በሁለት ብር ላይ እስከ ማተም ደርሶ ተያዘ። ለፖለቲካ ሰዎችም እንዳሻቸው ያበድር ነበር፤ ከተበዳሪዎቹ አንዱ ክሪስፒ ነው። በነገሩ የተነካው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጆሊቲ መንግሥት ወደቀ፤ እንግዳ ሆኖ የሚታየው ግን በዲሴምበር 1893 በቦታው የተተካው ራሱ ክሪስፒ መሆኑ ነው።

ጆሊቲ አልተኛለትም። በዲሴምበር 1894 ክሪስፒን ይመለከታሉ ያላቸውን ሰነዶች በፖስታ አሽጎ ለምክር ቤቱ አስረከበ። ክሪስፒ ምን አደረገ? ምክር ቤቱን ዘጋ። በግንቦት 1895 ምርጫ እስኪደረግ ድረስ ጠያቂው ሸንጎ ዝግ ሆኖ ቆየ። በዚህ መካከል ከአፍሪካ መልካም ወሬ መጣ፤ ጄኔራል ባራቲዬሪ በጥር 1895 በኮአቲትና በሰንዓፌ ራስ መንገሻ ዮሐንስን አሸንፎ ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከዚህ በኋላ የክሪስፒ የአፍሪካ ፖለቲካ ከሰውየው ስም ጋር ተጣበቀ። ድል ቢገኝ ስለ ባንኩ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ድል ባይገኝ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

ይህን ስናነብ ንጉሥ ዳዊትና ኬጢያዊው ኦርዮ ትዝ አሉን። ንጉሡ ኃጢአቱን ለመሸፈን መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ቤቱ ሊሰድደው ሞከረ፤ አልሆነም። ቀጥሎ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኦርዮም ውጊያው በበረታበት ስፍራ ተሰለፈ። የዳዊት ልዩ ክፋት ጦርነቱን ማዘዙ አይደለም፤ ጦርነቱ አስቀድሞ ነበር። የራሱን ስም ለማዳን የሌላውን ሰው ነፍስ በጦርነቱ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ከኦርዮ ጋር ሌሎችም እንደሞቱ መጽሐፉ ይናገራል፤ እነዚያን ማንም አያስታውሳቸውም።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1896 ክሪስፒ ለባራቲዬሪ ቴሌግራም ላከ። ዘመቻውን ቀስ በቀስ በሚገድል የሳንባ ነቀርሳ መስሎ አናናቀበት፤ የጦሩን ክብር ለማዳን የትኛውንም መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ መሆኑንም ገለጠለት። ይህ የተጻፈው በሮማ ነው፤ የሚከፈለው መሥዋዕት ግን በትግራይ ተራሮች ላይ ስንቅ ያለቀበት ወታደር ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ላይ በኢጣልያ በኩል ኢጣልያውያንና አገር ተወላጅ አስካሪዎች ተደምረው ስድስት ሺህ ያህል ሰው ሞተ፤ በእኛም በኩል በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖች ወደቁ። በሮማና በሚላኖ ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ክሪስፒም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ባራቲዬሪ በአሥመራ ለፍርድ ቀርቦ ነፃ ወጣ፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ኃላፊነት ብቁ እንዳልነበረ ዳኞቹ ተናገሩ።

ስለ ክሪስፒም ቢሆን ቀደም ብለን ያነሣነው ሕግ ይሠራል። በባንኩ ነገር ፍርድ ቤት ወንጀለኛ ብሎ አልፈረደበትም፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ምክር ቤቱ በሌላ ባንክ ጉዳይ የነቀፈው ነቀፋም የፖለቲካ ነቀፋ ነው። ስለዚህ ሌባ ነበር ብለን አንጽፍም። ልንፈርድበት የምንችለው በግልጥ ባደረገው ነው፤ የሚጠየቅበትን በር ዘግቶ በሌላ በር ክብር ፈለገ።

የመኮንን ጉዞ በዚያው ጊዜ ወዴት አመራ? ኢጣልያኖች እስከ መጨረሻው መኮንን አይዋጋንም ብለው ተስፋ አድርገዋል፤ ደብዳቤ ይለዋወጡ ስለነበር ጥርጣሬው በሁለቱም ሰፈር ነበር። ምኒልክ ግን የተጠረጠሩትን ሰው የግንባር ጦር አለቃ አድርገው አሰለፏቸው። ዲሴምበር 7 ቀን 1895 በአምባላጌ የማጆር ቶዜሊ ጦር ተደመሰሰ። ወሬው እንደሚለው መኮንን እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ከቶዜሊ ጋር ይላላኩ ነበር፤ ውጊያውን ያለ ትእዛዝ ያስጀመሩት ፊታውራሪ ገበየሁ ናቸው። ለጦረኛ አለቃ ይህ ሁለተኛ የሐሜት ምክንያት ሊሆን ይችል ነበር።

በመቀሌ የሆነው ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀናል። የማጆር ጋሊያኖ ጦር በምሽግ ተከበበ። ውኃውን የማስያዝን አሳብ ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ኃይላቸውንም አሰልፈው ምንጩን አስያዙ። ከቀናት በኋላ ምሽጉ ተጠማ። በዚያን ጊዜ ደግሞ በሐረር ነጋዴ የነበረው ፒዬትሮ ፌልተር በአስታራቂነት መጣ፤ የሚያውቀው መኮንንን ነውና ነገሩ በእርሳቸው በኩል አለቀ። የተከበቡት በጃንዋሪ 1896 ከነነፍሳቸው ወጡ። የእቴጌይቱ ጠንካራነትና የመኮንን ወዳጅ የማፍራት ልማድ፣ በቤተ መንግሥት እንደ ባላንጣ የተያዩት ሁለቱ አሳቦች፣ በአንድ ምሽግ ሥር ተገናኙ። አንደኛው ባይኖር ምሽጉ አይለቀቅም፤ ሌላው ባይኖር የብዙ ሰው ደም ይፈስስ ነበር። እንግዲህ ባላንጣውን ከሸንጎ ያባረረ ንጉሥ በዚያን ቀን ግማሽ እጁን ባጣ ነበር።

መኮንንን ቅዱስ አድርገን ለማቅረብ አንሻም። በጦር የተያዘች ከተማ ገዥ ነበሩ፤ የዘመኑ መኳንንት የሚሠሩትን ሁሉ ሠርተዋል። የተነጋገርነው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስሙ የተነካበት አገልጋይ ስሙን ወይስ ሥራውን ያስቀድማል? ጌታውስ የሚጠይቅበት ቦታ ያዘጋጅለታል ወይስ ለሐሜተኞች ይጥለዋል?

መጠየቂያ ቦታ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሰሜን ሸዋ ሌላም ምስክር አላት። ከቡልጋ ቤተሰብ የተወለዱት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለብዙ ዓመታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከዚያም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል፤ የኤርትራ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ፊት በታየ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ቀጥሎም ታሰሩ። ስለ ወሎው ረሀብና ስለ ሌላውም የባለሥልጣናት ጥፋት የሚጠይቅ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ጥያቄዎቹም ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ፤ በረሀቡ ስለሞተው ሕዝብ መልስ ሊሰጥ ይገባ ነበርና። ነገር ግን ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይፈጽም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉን፣ በእርሳቸው እግር የተተኩትን እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው ተባለ። እነዚያ ሰዎች ሲገደሉ መልሳቸውም አብሮ ተቀበረ። የወሎ ሙታን ዘመዶች ማን ምን እንዳጠፋ በዳኛ አፍ የመስማት መብታቸውን በዚያች ሌሊት ተነጠቁ። ደሙ ለእነርሱ ፍትሕ ነው ብሎ የተነገራቸው ሁሉ ይህን አላስተዋሉትም።

በትንቢተ ዳንኤል መጨረሻ ያለው የሶስና ታሪክ ለዚህ ይጠቅማል። ሕዝቡ ሁለቱን ሽማግሌዎች አምኖ ሴቲቱን ሊገድል ሲወስዳት ወጣቱ ዳንኤል ያደረገው ነገር እጅግ ተራ ነው፤ ምስክሮቹን ለያይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። ተአምር አላሳየም። ሶስና ንጹሕ መሆኗን ሕዝቡ ያወቀው በጥያቄ ነው። እርሷ ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮም በዚሁ ጥያቄ ይታወቅ ነበር። ጥያቄ ለንጹሑ ጠላት አይደለም፤ ሐሜት ግን ለንጹሑም ለጥፋተኛውም አንድ ነው፤ ሁለቱን አይለይምና።

በየቁምስናችን የምናየው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአጥቢያው ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ይታማል፤ ከቅዳሴ በኋላ በአጥር ሥር ሦስት ሆነው የሚያወሩት በስብሰባ ላይ ዝም ይላሉ። ሒሳቡ ይነበብ የሚል ሰው ቢነሣ ደግሞ እንዴት ወንድማችንን ትጠረጥራለህ ተብሎ ይወቀሳል። ይህ ፍቅር ይመስላል። ወንድሙን በሐሜት አሳልፎ ሰጥቶ ከመዝገብ የሚያድነው ፍቅር ግን ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ አልገባንም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በዚሁ ትእዛዝ ሥር ሦስት ጥፋቶችን ይለያል፤ ያለ በቂ ማስረጃ በልብ መፍረድ፣ እውነት የሆነውን ጉድለት ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቅ ሰው መግለጥ፣ ሐሰት በሆነው ነገር ስም ማጥፋት። ካቴኪስቶች በተለይ በሁለተኛው ላይ እንዲቆዩበት እንለምናለን፤ እውነት ከሆነ ምን አለበት የሚለው መልስ በሕዝባችን አፍ ላይ ተጣብቋልና። ሒሳብ በሚጠየቅበት ስብሰባ መናገር ግን በቂ ምክንያት ያለው ነው።

የዐድዋ ምርኮኞች ነገር ቀርቶናል። ብዙ የኢጣልያ ወታደሮች ወደ ሸዋ ተወስደው ወራት ሙሉ ቆዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን ዐሥራ ሦስተኛ ስለ እነርሱ ለመለመን የግብፅ ቅብጥ ካቶሊካውያን ጳጳስ የነበሩትን አቡነ ቄርሎስ መቃርዮስን እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ ዐፄ ምኒልክ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ በክብር ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ለኢትዮጵያ መሣሪያ ጭናለች የተባለች የሆላንድ መርከብ በኢጣልያ ተይዛ ስለነበር ምርኮኞቹን ወዲያው ሊለቁ አልወደዱም። የተለቀቁት ኦክቶበር 26 ቀን 1896 በአዲስ አበባ የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። በዚያ ውል የውጫሌው ስምምነት ፈጽሞ ተሰረዘ፤ የኢትዮጵያ ነፃነትም ያለ አንዳች ገደብ ታወቀ። የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ የኢጣልያንኛ ጽሑፍ አልተዘጋጀለትም።